ያጠረችው «ሃ»

ዛሬ ጦርነት ያልጣለውን ቅስት እኔ በመዶሻ ጣልኩት።

እዚህ ሐርጌሳ፣ ድሮ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው የሚባል የድንጋይ ቤት እያደስን ነው። የበሩ ቅስት ተሰንጥቋል። መዶሻዬን አንስቼ ባለቤቷን አሮጊት «ዱሚ?» አልኳቸው። ላፍርሰው ወይ ማለቴ ነው።

«ሃ ዱሚን» አሉኝ።

በሶማልኛ «ሃ» አዎ ነው ብዬ መታሁት፤ ወረደ።

ጅግጅጋ ያደገው ፎርማናችን እየጮኸ መጣ። ለካ «ሃ» አዎ የሚሆነው ሲረዝም ነው። ሲያጥር «አታድርግ» ነው። «አታፍርስ» ነበር ያሉኝ!

(ለአዲስ መጪ ያገሬ ልጆች ሶማልኛ የማስተምረው እኔ ነኝ።)

«ከስደት ስንመለስ ጣሪያው አልነበረም፤ ይሄ ቅስት ግን ቆሞ ጠበቀን» አሉ አሮጊቷ በፎርማኑ በኩል። አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንጋዮቹን በየተራቸው ቁጥር ጽፌባቸው ደርድሬያለሁ። ነገ መልሼ ልገነባው እሞክራለሁ፤ የድሮው ግንበኛ እጅ ግን የለኝም።

እናንተም ሳይገባችሁ በአዎንታ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ያበላሻችሁት ነገር ካለ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር።

እኔማ ስወጣም አሮጊቷ የሆነ ነገር አሉኝ። አልገባኝም። ራሴን ነቀነቅኩ።