የገለበጥኩት ጎጆ

የዘይት ቀለም ሥዕል የተማርኩት በአራት ቀን ነው። አስተማሪዬም ካላንደር ነበር። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር፤ ግን የምነግራችሁ እኔ ነኝ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ ነፋስ ስልክ ውስጥ የብረት በር እቀባለሁ። የቀበሌያችን ጸሐፊ ደብዳቤ ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ የምታደርግ ልጅ ነበረች። አንድ ሰኞ ሥራህ ምንድን ነው አለችኝ። ቀለም አልኳት። ምን ዓይነት ቀለም? የዘይት ቀለም። እውነቴን ነው፣ የብረት በር በሌላ አይቀባም። እሷ ግን ዓይኗ በራና "ሠዓሊ ነህ ለካ" አለች። አይደለሁም ልል አፌን ብከፍት አዎ የሚል ወጣ። ወዲያው ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ለሚከበረው የሴቶች በዓል ሥዕል ያመጣል ብላ መዘገበችኝ። ሥዕሉ ካልመጣ ውሸታም ነኝ፤ ውሸታም ከሆንኩ ደግሞ ያቺን ልጅ እርሳት ማለት ነው።

እቤቴ ግድግዳ ላይ የንጉሡ ጊዜ ካላንደር ነበረኝ። የገጠር ጎጆ ውስጡን ያሳያል፤ ምሰሶ፣ መደብ፣ ጥግ ላይ ጋን፣ መሐል ላይ ባልና ሚስት። በማስመሪያ ካሬ ካሬ አድርጌ ከፋፈልኩት። አቡጀዲም እንጨት ላይ ወጥሬ እንደዚያው ከፋፈልኩና አንዱን ካሬ ባንዱ ካሬ መገልበጥ ጀመርኩ። ይሄን ዘዴ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከኔ በፊትም ነበረ ይላሉ፤ ሰርቀውኝ ይሆናል።

የበር ብሩሽ ለዓይን ሽፋሽፍት አይሆንም። ከአፍሮዬ ቆርጬ እንጨት ላይ አሰርኩ። ያ ብሩሽ ቀለም ሲነካ ይጠቀለላል። ቀጥ ያለ መስመር እምቢ አለኝ፤ የሚስትየውን ሹሩባ ግን ሳላዘው አሳምሮ ሠራው። ቀለሙም ያው የተረፈኝ የበር ቀለም ነው፤ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ የዝገት መከላከያ ቀይ። የባልየው ፊት አዲስ እንደተቀባ ቱቦ ቀላ። እኔ እያፏጨሁ ነው የምሠራው።

ጭንቅላቶቹን ዓርብ ጠዋት ጨርሼ፣ ሳይደርቁ ከሰዓት አዳራሽ ወሰድኩት። ልጅቷ አጠገብ የቀበሌው ካድሬ ቆሟል። አየው፣ አየው፣ ከዚያ "ጓድ፣ በሴቶች በዓል ላይ ሚስት ተንበርክካ የባሏን እግር ታጥባለች?" አለኝ።

ዞሬ አየሁት። እውነትም እያጠበች ነው። አራት ቀን ሙሉ ጣቱን፣ ገበቴውን፣ ውሃውን ካሬ በካሬ ስገለብጥ ሰዎቹ ምን እንደሚሠሩ ልብ አላልኩም። ይሄ ፊውዳል ነው፣ አይሰቀልም አለ። ልጅቷ ሥዕሉን ትታ እኔን አየችኝ።

"ገና አላለቀም፣ ጓድ" አልኩት።

ጨርቄን ቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ ውስጥ ነክሬ እዚያው ሁለቱንም ጭንቅላት ጠረግሁ። የባልየውን ጢም ለምታጥበው፣ የሚስትየውን ሹሩባ ለሚታጠበው ስዬ ሰጠሁ። ልብስ ለመቀየር ግን ቀለም አልበቃኝም። ስለዚህ ባለ ጢሙ ሰውዬ ቀሚስ ለብሶ ተንበርክኮ ያጥባል፤ ሚስትየው በሱሪና በእጀ ጠባብ መደብ ላይ ተደላድላ እግሯን ሰጥታለች። ካድሬው ጢሙን ቀረብ ብሎ አረጋገጠና አሳለፈው።

ቅዳሜ ከጎፋም ከላፍቶም የመጡት ሴቶች ንግግሩን ትተው ሥዕሉ ፊት ተሰበሰቡ። በሳቅ ሞቱ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ይሄ ሰውዬ የት ሰፈር ነው የሚኖረው ብለው ጠየቁ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ያኔ ልጅቷ ጠጋ ብላ ጋኑን አየች፤ ከዚያ በመስኮት በኩል እሷ ከመቀጠሯ በፊት እኔው የቀባሁትን የቀበሌውን በር አየች። ግራጫው አንድ ነው።

"አንተ፣ በር ቀቢ ነህ አይደል?"

"እኔ የዘይት ቀለም ነው ያልኩሽ። ሠዓሊ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

ሴቶቹ ጆሮ ብቻ ሆኑ። እሷ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

"እሺ፣ ሥዕሉን ዋሸኸኝ። እግር ማጠቡስ?"

"እሱን አጥባለሁ" አልኩ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት።

ተጋባን። አጠብኩ፤ አሁንም አጥባለሁ፣ ሱሪዬን ለብሼ። ውሸት ነው የሚል ካለ ነፋስ ስልክ ይሂድና ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበሩትን ሴቶች ይጠይቅ፤ ዛሬም እዚያው አሉ። ባሎቻቸውን ግን እንዳይጠይቅ፤ እነሱ እስከ ዛሬ እንዳኮረፉኝ ናቸው።