አዋሽ ላይ ያልረጠበው መጽሐፍ

እንጦጦ የገባሁ ዕለት የጸሐፊዎቹ አለቃ መሪጌታ የሰጡኝ ብዕር ሳይሆን ትንሽ ቢላዋ ነበር።

«ብዕር የሚይዝ ሞልቷል» አሉኝ። «አንተ ተገልብጦ ያለቀውን ከዋናው ጋር እያመሳከርክ አንብብ። የተሳሳተ ፊደል ስታገኝ ብራናውን ፍቀህ አስተካክል። ሌላ አትንካ።»

ሌላ አለመንካቱ ነው የከበደኝ። እኔ አንድ ቦታ ተቀምጦ መዋል የሚሆንልኝ ሰው አልነበርኩም። እንጦጦም አላገዘኝም። ነፋሱ የጸሐፊዎቹን ጎጆ በር ሲደበድብ ይውላል፤ ማገዶ በየወሩ እየራቀ ይሄዳል። ሰዉም ዛሬ ፍልውሃ ልንወርድ ነው፣ ነገ አንወርድም እያለ ግማሽ ጓዙን አስሮ ግማሹን ፈትቶ ይኖራል። በዚህ መሀል እኔ አነብባለሁ።

ባነበብኩት ሁሉ ላይ ደግሞ ሐሳብ አለኝ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። የአንድ ባሕታዊ ታሪክ ጨርሼ «ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ራበኝ አይልም፤ ታዲያ ጾሙ ምኑ ላይ ነው?» አልኩ። ኢየሩሳሌም ደርሶ የተመለሰ አንድ መነኩሴ ያስጻፈውን ግን ወደድኩት። ቅድስቲቱን ከተማ በሁለት መስመር አልፎ፣ ስለተበጠሰ ጫማው ገጽ ሙሉ ያማርራል። መሄዱን ያመንኩት በጫማው ነው። አንድ ንጉሥ ዓለምን ሲዞር የሚተርክ ረጅም ተረትም ነበር። የመጀመሪያው ዘንዶ አስፈራኝ፤ ዘንዶው እየበዛ ሲሄድ አዛጋሁ።

«አራሚ ብዬ እንጂ ፈራጅ ብዬ አላመጣሁህም» ይሉኝ ነበር መሪጌታ።

በዚያ ሰሞን ባላምባራስ ይርዳው የሚባሉ አዛውንት የጦር ሰው የሕይወታቸውን ታሪክ በአማርኛ ያስጽፉ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። ክፉ ሳል ይዟቸዋል፤ «ከተማው ሳይነሳ፣ እኔም ሳልነሳ ይለቅ» እያሉ ያጣድፉናል። በደንባችን የባለመጽሐፉ ስም በቀይ ቀለም፣ የቀረው በጥቁር ይጻፋል። የሳቸው ስም በየገጹ ቀልቷል።

እስከ አዋሽ ድረስ መጽሐፉን እንደ ማር ላስኩት። በቅሎ ሲገዙ መታለላቸውን፣ አማታቸውን መፍራታቸውን፣ ምንም ሳይደብቁ ይናገራሉ። አዋሽ ላይ ግን «ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተሻገርን» ይላል። ወዲያው ማዶ ሆነው እሳት ይሞቃሉ፤ ስለ እሳቱ ሦስት መስመር አለ።

መልሼ አነበብኩት። ያን ሁሉ ውሃ ሲሻገሩ አንድም ሰው አልረጠበም። የመንገዱን ጭቃ ሳይቀር የሚያወሩ ሰው እዚህ ሲደርሱ ለምን ዝም አሉ? ነገሩ እንደ እሾህ ተሰካብኝ።

ባላምባራስ ሥራውን ሊያዩ መጡና «እህ፣ እንዴት አገኘኸው?» አሉኝ። መሪጌታ በዓይናቸው ዝም በል አሉኝ።

«ግሩም ነው ጌታዬ። አዋሽ ላይ ግን ውሃ የለውም።»

«አንተ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«እንግዲያስ አፍህን ያዝ።»

ልይዘው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። «የነበረ ሰው ካለ ይስማው ማለቴ ነው። ፉከራ እንኳ የሚፎከረው ባየ ሰው ፊት ነው» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መሪጌታ ወደ አገሬ ሊሰዱኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ባላምባራስ ብዙ ሳሉና «ቶላን ጥሩልኝ» ብለው ወጡ።

ቶላ የካ ተዳፋት ላይ የሚያርስ፣ በየዘመቻው አብሯቸው የነበረ ሰው ነው። እስኪመጣ ድረስ ገባሁ፣ ወጣሁ። ትክክለኛው ፊደል ሁሉ የተሳሳተ እየመሰለኝ ልፍቅ ስል መሪጌታ ቢላዋውን ቀሙኝ።

ቶላ መጥቶ ባላምባራስ አጠገብ ተቀመጠ። አነበብኩለት። በቅሎዋ ጋ ስንደርስ «ትረግጣለች ብዬዎት ነበር» ብሎ ሳቀ። አዋሽን አልፌ እሳቱን ማንበብ ስጀምር ግን «ቆይ» አለኝ። ወደ ባላምባራስ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ገመዱስ?»

ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«እኔን ጻፉኝ አላልኩም» አለ ቶላ። «ወንድሜ ግን መቃብር የለውም። እናቴ የምታለቅስበት አፈር አጥታ ነው የሞተችው። እዚህም ከሌለ ደሬሳ የት ሊኖር ነው?»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ሲናገሩ ወደ እኔ ነበር።

«መጀመሪያ የገባው ደሬሳ ነው። ማዶ ገመድ የሚታሰርበት ዛፍ አልነበረም፤ ወገቡ ላይ አስሮ ቆመልን። ገመዱን ይዘን ተሻገርን። የመጨረሻው ሰው እንደወጣ ዳርቻው ተናደና ወሰደው። እኔ እሳት እየሞቅኩ ነበር። ስንት ጊዜ ላስጽፈው ብዬ አፌ እምቢ አለኝ።»

ብራናው ሞልቷል፤ የሚጨመርበት ቦታ የለም። ባላምባራስ «እሳቱን ፋቀው» አሉኝ። መሪጌታ ቢላዋዬን መለሱልኝ። በሦስቱ መስመር ላይ ደሬሳ ገባ።

«ስሙን በቀይ» አሉ ባላምባራስ።

«ቀዩ የባለመጽሐፉ ነው፣ ጌታዬ» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያስ ከዚህ ገጽ የኔን ፍቃችሁ በጥቁር መልሱት።»

እንዳሉት አደረግን። ቀይ ቀለም ሲፋቅ ጨርሶ አይለቅም፤ በስማቸው ሥር ቅላቱ እስከ ዛሬ ይታያል።

ቶላ ማንበብ አይችልም። «የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቱን ይዤ ቀዩ ላይ አሳረፍኩለት። ቀለሙ አልደረቀም ነበርና ጣቱ ቀላ። ሳይጠርገው ወደ የካ ቁልቁል ወረደ። እኔም በጣቱ የደበዘዘውን የደሬሳን ስም ደግሜ አደመቅኩት። ከገባሁ ጀምሮ ያን ቀን ብቻ እጄ ሳይቸኩል ሠራ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ያስጻፉትን ሕይወት አንብቤያለሁ። ሐሳቤ ያው ነው። ሕይወቱን የሚያስጽፍ ሰው፣ መጽሐፉ ሳይጠረዝ አብሮት የነበረውን ሰው ጠርቶ ያስነብብለት።