የዱብቲው ማተሚያ

በደርግ መጨረሻ ግድም ወደ ዱብቲ፣ ወደ አንድ የጥጥ እርሻ የተላክሁት ሁለት ኮምፒውተሮችን ላስታርቅ ነበር። አንዱ ቢሮ፣ አንዱ መጋዘን ነው፤ በገመድ ተያይዘው መነጋገር ሲገባቸው በየጊዜው ይኳረፋሉ። ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ ናቸው፣ መመሪያቸውም ጀርመንኛ ነው። እኔ የተማርኩት በሌላ ዓይነት ማሽን ነው። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ሸሚዜን ከወንበሩ ጋር ያጣብቀዋል። ታክቶኝ ነበር፤ መንገዱም፣ ሥራውም፣ ስብሰባውም።

ነገሩ የገመድ ብቻ ቢሆን በወደድኩ። ግንኙነቱ የሚቋረጠው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ተራ ነው፤ በመጋዘኑ ጸሐፊ፣ ከወሎ መጥቶ እዚያው ትዳር በያዘ ዝምተኛ ሰው። የእርሻው ካድሬ “አሻጥር ነው” ብሎ ደምድሟል። በዚያን ጊዜ ይህች ቃል ሰው ታስበላ ነበር። ጸሐፊው ለዓርብ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ብልሽቱን ካላገኘሁ ሰውየው ከዚያ ወደ ቤቱ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

“ወላሂ ምንም አልነካሁም” አለኝ። “የኔ ሥራ መመዝገብና ማተም ነው።”

ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ገመዱ የሚሰካበትን የኔትወርክ ካርድ አውጥቼ አቧራውን አራግፌ መለስኩ፤ ያው ነው። ቢጨንቀኝ ጸሐፊው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሲሠራ አየው ጀመር። ጥጥ የጫነ መኪና ወደ አሰብ ሊወጣ ሲል ማዘዣውን በማተሚያ ያወጣል። ሌሎቹ ተረኞች የማተሚያው ጩኸት ስለሚሰለቻቸው በእጃቸው ነው የሚጽፉት፤ እሱ ግን ከደንቡ ንቅንቅ አይልም። ማተሚያው መጮህ ሲጀምር ግንኙነቱ ተቋረጠ።

እያንዳንዱ ካርድም ሆነ ማተሚያ ዋናውን ማሽን “ስማኝ” ብሎ የሚጠራበት፣ ኢንተራፕት የሚባል ቁጥር አለው። እኔ በማውቃቸው ኮምፒውተሮች ማተሚያው በሰባት ቁጥር እምብዛም አይጠራም፤ ስለዚህ የኔትወርክ ካርዱ ሰባት ላይ መሆኑን አይቼ አልፌው ነበር። በዚህኛው ግን ማተሚያው የምሩን ይጠራበታል። ሁለቱ በአንድ በር እኩል ልግባ እያሉ ይገፋፋሉ። ካርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መሰኪያ ነቅዬ ወደ ሌላ ቁጥር አዛወርኳት። ማተሚያው ጮኸ፤ ግንኙነቱም አልተቋረጠም።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ነውና ዓርብ ዕለት ቃላቴን እየመረጥኩ አስረዳሁ። ካድሬው ስም ይፈልግ ነበር።

“ታዲያ ጓድ፣ ጥፋተኛው ማነው?”

“ቁጥር ነው” አልኩ።

ካድሬው ትክ ብሎ አይቶኝ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ከስብሰባው እንደወጣን ጸሐፊውን ይዤው ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። “ከእንግዲህ እንደልብህ አትም” አልኩት፣ ደስ ብሎኝ።

ማተሚያውን ከሶኬቱ ነቀለው። “ወንድምዓለም፣ አንተ ነገ ትሄዳለህ። እኔ ልጆቼ እዚህ ናቸው። ዳግም ቢቋረጥ የሚጠሩት እኔን ነው፤ እኔም እንደሌሎቹ በእጄ ልጻፍ። ውለታ ከዋልክልኝ አይቀር፣ ይህን ይዘህልኝ ሂድ።”

ለጥገና ብዬ ፈረምኩና፣ ምንም ያልጎደለውን ማተሚያ ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ አዋሽ ከተማ ተጓዝኩ።