ጋሼ መርማሪ ሲመረመሩ

ሠላሳ ዓመት ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩትን ሰውዬ ሰፈርተኛው «ጋሼ መርማሪ» ይላቸዋል። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣላቸውም። የተበላሸ ዕቃ ይዞ ሱቃቸው የመጣ ሁሉ፣ አንዲት ብሎን ከመፈታቷ በፊት በርጩማ ላይ ይቀመጥና «ከመበላሸቱ በፊት እጅህ መጨረሻ የነካው ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ «ኧረ ምንም አልነካሁም!» ይህን ሲሰሙ ጋሼ መርማሪ ፈገግ ይሉና ሥራ ይጀምራሉ።

አምና ጉልበታቸው አላስቆም አላስቀምጥ ሲላቸው ሱቁን ዘጉ። ቤት መዋሉ ግን አንገሸገሻቸው። የሕንፃ ንድፍ የምትሠራው ልጃቸው ኮምፒውተሯ እየተንቀራፈፈ ቢያስቸግራት ምስል የሚያቀላጥፍ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዛች። እዚያው የገዛሁበት ላስገጥመው ብትል ማን ሰምቷት፤ እኔ እያለሁ ብለው ድርቅ አሉ። ልጅቷ ትንሽ አመነታች። ማመንታቷን አይተዋል፤ ቅር ብሏቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለደንበኛዋ የምታሳየው ሥራ እንዳለ ነግራቸው ወጣች።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገጥመው ጨረሱ። ሲያበሩት ማራገቢያው ሽው አለ፤ ስክሪኑ ግን «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ድርግም። ካርዱን ነቅለው ቀጭ እስኪል መልሰው ተከሉ። የኃይል ገመዱን አጠበቁ። ሚሞሪውን አውጥተው ጫፉን በላጲስ ፈተጉት። ወይ ፍንክች! ስድስት ሰዓት ሲሆን ላባቸው ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ካርዱስ ይቅር፤ የሚያንገበግባቸው ልጅቷ መጥታ፣ ምንም ሳትል፣ ኮምፒውተሩን ተሸክማ ወደ ሌላ ጠጋኝ ስትሄድ በሐሳባቸው መታየቷ ነበር። «ምንም ሳትል» የምትለዋ ናት የባሰችው።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰው መድኃኒቱን ሳይውጥ ዋጥኩ ሲል ከፊቱ ያውቃሉ። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ከሱቁ የመጣውን በርጩማ ጎተት አደረጉላቸው።

«እስቲ ቁጭ በል» አሉ። «ከመጥፋቱ በፊት እጅህ መጨረሻ የነካው ምንድን ነው?»

«ኧረ ምንም አልነካሁም!»

ቃሉ ካፋቸው እንደወጣ የገዛ ጆሯቸው ሰማው። ባልና ሚስት ተያዩ። ሚስትየው አልሳቁም፤ እንዴት እንደቻሉት እሳቸው ያውቃሉ።

ጋሼ መርማሪ ዓይናቸውን ጨፍነው የጠዋቱን ሥራ ከመጀመሪያው ይተርኩ ጀመር። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ካርዱን ተከልኩ፣ ብሎኑን አሰርኩ፣ ሳጥኑን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ፣ የስክሪኑን ገመድ ከኋላ በዳበሳ... እዚህ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ። ሠላሳ ዓመት ገመድ የሚሰኩት ሳያዩ ነው፤ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህማ ማን ይጎነበሳል? እጃቸው የለመደው የላይኛውን፣ የድሮውን ቀዳዳ ነው። አዲሱ ካርድ የራሱን ቀዳዳ ይዞ ከታች ቁጭ ብሏል፤ ምስሉ አሁን የሚወጣው በእሱ ነው። ጠዋቱን ሙሉ እየነቀሉ መልሰው የሰኩት እዚያው ላይኛው ላይ ነበር። ጉልበታቸውን እየረገሙ ጎንበስ አሉና ገመዱን ታች ሰኩት። ስክሪኑ ወለል ብሎ በራ።

ልጅቷ በሰዓቷ መጥታ ንድፏን ከፈተች። ሕንፃው እንደ ልቧ ይሽከረከርላታል፤ ደስታዋን ማየት ነበር። ካርዱ አስቸግሮ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሼ መርማሪ «ምንም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና በርጩማው ላይ መሆናቸው ትዝ አላቸው።

«ግማሽ ቀን ለፍቼበታለሁ» አሉ። «ገመዱን የድሮው ቦታ ሰክቼው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።»

እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥፋቱን ያመነ የመጀመሪያው ሰው ራሳቸው ሆኑ።

ልጅቷ ዞር ብላ ለአፍታ አየቻቸው።

«ቢሮ ሁለት የተበላሹ ኮምፒውተሮች አሉን» አለች። «ነገ ላምጣልህ፣ አባዬ? እማዬ ግን አጠገብህ ትቀመጥ።»

ጋሼ መርማሪ ተነሥተው ሁለተኛ በርጩማ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ።