የጭብጨባው ወንበር

የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህርቷ ዱላ ይዛ አታውቅም። አባቷ በቀበቶ የማይፈታ ነገር ያለ የማይመስለው ሰው ስለነበር፣ ማባዛትን የተማረችው እያለቀሰች ነው። ማስተማር ስትጀምር ልጅ ላይ እጇን ላታነሳ ለራሷ ቃል ገባች፤ ቃሏንም ጠበቀች።

ክፍሏን ግን ጥብቅ አድርጋ ነው የያዘችው። ጥያቄ የመለሰ ይጨበጨብለታል፣ ጎበዝ የተባለ ከሰሌዳው ፊት ለፊት ይቀመጣል። የረበሸ ደግሞ መስታወቱ ከተሰበረው መስኮት ሥር፣ ወደ ኋላ ጥግ ይሰደዳል። ባልደረቦቿ "አንቺ ክፍል የዝንብ ድምፅ እንኳ አይሰማም" ሲሏት ደስ ይላታል።

ያ ጥግ የአንዲት ለፍላፊ ልጅ ርስት ሆኖ ነበር። ተማሪዎቹ "ሬዲዮ" ይሏታል። የሬዲዮ የልብ ጓደኛ ደግሞ ካልጠሯት አቤት የማትል ዝምተኛ ናት።

አንድ ቀን መምህርቷ ከበድ ያለ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ሁሉም አንገቱን ሲደፋ ዝምተኛዋ ወጥታ ጥርት አድርጋ ሠራችው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። መምህርቷ እጇን ይዛ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

"ከዛሬ ጀምሮ ቦታሽ ይኼ ነው" አለቻት።

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ሄደች። ስትጠየቅ ላብ ያጠምቃታል፣ እጇን ማውጣት ተወች፤ የፈተናውንም ወረቀት ግማሹን ባዶ መለሰችው። መምህርቷ ተናደደች። ሙገሳው ልቧን ያሳበጠው መስሏት ከሬዲዮ ጎን፣ ጥጉ ላይ አስቀመጠቻት።

ብዙም ሳይቆይ ከጥጉ ሹክሹክታ ተሰማ። መምህርቷ ሬዲዮን ልትቆጣ ጠጋ ስትል፣ የምታወራው ዝምተኛዋ ሆና ተገኘች። ለጓደኛዋ እኩልታ እያስረዳች ነው፤ ፊቷ ፈክቷል።

ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረቻት።

"ልጄ፣ የተቀጣ ሰው አትመስዪም። ነገሩ ምንድን ነው?"

"እውነቱን ልንገርዎት ቲቸር?"

"ንገሪኝ።"

"ከተጨበጨበልኝ ጀምሮ ያሾፉብኛል። ፊት ተቀምጬ ብሳሳት መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ ስፈራ፣ የማውቀውም ይጠፋብኛል። ወደ ኋላ የመለሱኝ ቀን እፎይ ነው ያልኩት።"

መምህርቷ ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው።

"ልጅቷን በጭብጨባ ቀጥቼ በቅጣት ሸለምኳት" አለች።

ባሏም "አባትሽ ቤት ጸጥታ ነበር?" አላት።

"ጸጥታማ ነበር..." ብላ ጀምራ ተወችው። አባቷም የሚወደው ጸጥታውን ነበር። ቀበቶና ጭብጨባ ለየቅል መሆናቸው አልጠፋትም፤ ግን እሷም ብትሆን ልጆቹ ዝም ይበሉ እንጂ ለምን ዝም እንዳሉ ጠይቃ አታውቅም።

በማግስቱ ሁሉም የወደደው ቦታ እንዲቀመጥ ፈቀደች። የሠራውን ጎንበስ ብላ በጆሮው "ጎሽ" ትለዋለች። በትምህርት መሀል የረበሸ፣ ያቋረጠውን ትምህርት ራሱ ወጥቶ ያስረዳል። ሬዲዮ በዚህ ቅጣት እጅግ ተደሰተች፤ የመጀመሪያ ቀን ስታስረዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሳስታ፣ ከሳቀው ክፍል ጋር አብራ ሳቀች።

ነገሩ ሁሉ ግን አልሰመረም። አንዳንዱ ልጓሙ የላላ መስሎት ፈነጨ። ጭብጨባ የለመደ አንድ ጎበዝ ተማሪም አኩርፎ ከረመ፤ እሱን ያበረታው የነበረው ጭብጨባው ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው "ክፍልሽ ገበያ ሆነ እኮ" አሏት።

"አዎ ጋሼ፣ ግን የሚጯጯሁት በሒሳብ ነው" አለቻቸውና፣ ኋላዋን ዞር ብላ አይታ "አብዛኞቹ" ብላ ጨመረችበት።

ዓመቱ ሲያልቅ ዝምተኛዋ በጥሩ ውጤት፣ ሬዲዮ ደግሞ ለጥቂት አለፉ።

በአዲሱ ዓመት መምህርቷ አዲሶቹን ተማሪዎቿን በመጀመሪያው ቀን "ስትጎብዙ እንዴት ብነግራችሁ ትወዳላችሁ?" ብላ ጠየቀቻቸው። አንዱ ለእናቱ እንድትነግርለት ፈለገ፣ ሌላዋ ለማንም እንዳትነግርባት። አንድ ልጅ ደግሞ "ጎብዤ ስለማላውቅ እንጃ" አላት። እሷም "እንግዲያው አብረን እናየዋለን" አለችው። አንድም ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ሳትጽፍ ደወሉ ተደወለ።