ወደ ሽንዲ የዞረው በር

ትናንት የኮምፒውተር መምህራችን ስለ አርክቴክቸር የጻፍኩትን በወላጆች ቀን አንብቢው አሉኝ። ከቡሬ እስከ ሰፈራችን ባጃጅ ውስጥ ለብቻዬ ስስቅ መጣሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ባለፈው በጋ ነው። አናጺው አጎቴ ባሏ ለሞተባት ጎረቤታችን በደቦ ቤት ሲሠሩ፣ እኔ ጭቃ እረግጥ ነበር። ምሰሶው ሳይተከል፣ "ጋሼ፣ ዝናብ ሁልጊዜ ከሽንዲ በኩል ነው የሚመጣ፤ በሩ ወደዚያ ባይዞርስ?" አልኳቸው።

"እንግዲህ እሷ ትትከል፣ እኔ ጭቃ ልርገጥ" አሉ። ደቦው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋም አጎቴ ተቀይመው ሥራውን እንዳይተዉባት ፈርታ አብራ ሳቀች።

ክረምት ሲገባ ውሃው በበሩ ገብቶ መደቧን አራሰው። በሩን እንዲያዞሩላት ብትለምናቸው፣ "ማገር ከተመታ በኋላ በር አይዞርም፤ አንቺው ዞረሽ ተኚ" አሏት።

መምህራችን አርክቴክቸር ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁን ያ መደብ ትዝ አለኝ። በቤትም ሆነ በኮምፒውተር፣ ኋላ ለመለወጥ የሚያስቸግረውን አስቀድሞ መወሰን ነው ብዬ ጻፍኩ፤ የትኛው ክፍል የት እንደሚሆን፣ ምን በየት እንደሚገባ። ምሳሌዬ የጎረቤታችን በር ነው። ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ "ጻፊው፣ አንዲት ነገር እንዳታስቀሪ" አለችኝ።

አጎቴን ራሴ ሄጄ ጠራኋቸው። ስለ እርስዎ ሙያ ነው የማነብ ስላቸው ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን ለአጠባ ሰጡ። እናንተም ቅዳሜ ጠዋት ለወላጆች ቀን ትምህርት ቤታችን ኑ። የፊተኛውን ወንበር ብቻ ለእሳቸው ተዉላቸው፤ ሴትዮዋ ከጎናቸው ትቀመጣለች።