የእማዬ መቀነት

ልደታ መንገድ ላይ ሚኒባስ ክላክሱን ሲያስጮህ አሁንም እጄ በራሱ ይጨበጣል።

ወንድሜ አቤል አይሰማም። ልጆች ሳለን እማዬ ሱቅ ስትልከን የእሱንና የእኔን እጅ በመቀነቷ አንድ ላይ ታስር ነበር። «ጆሮው አንቺ ነሽ» ትለኛለች።

አንድ ቀን ተክለ ሃይማኖት ጋ ቋጠሮው ተፈታ። አቤል እየሳቀ አስፋልቱ መሃል ገባ፤ አንድ ሚኒባስ ከኋላው ይጮሃል። ኮሌታውን ይዤ ጎተትኩት።

«አይሰማም እንዴ ይሄ ልጅ?» አለ ሾፌሩ።

«አይሰማም» አልኩት።

ቤት ገብተን ስነግራት እማዬ አልተቆጣችም። መቀነቱን በጣቷ እያፍተለተለች «እኔ ስሞት ማን ይይዝልኛል?» አለች። ያኔ እናት የምትሞት አይመስለኝም ነበር።

አሁን መቀነቷን የታጠቅሁት እኔ ነኝ። አቤል ከሥራ ሲመለስ መንገዱን ብቻውን ነው የሚሻገረው። ዛሬ ቆየብኝ፤ በር ላይ ወጥቼ ቆሜያለሁ።